አሴቶንና የቆርቆሮው ሳጥን

መቱ ከተማ ስመደብ የማውቀው ሰው አልነበረኝም። በመንግሥት የእንጨት ሥራ ድርጅት ውስጥ ቀለም ረጪ ነበርኩ። ክፍሌ በአሴቶኑ ምክንያት ከሌሎቹ ተነጥሎ ግቢው ጥግ ላይ ነበር የተሠራው። አሴቶን ውሃ የሚመስል፣ ቶሎ የሚተን ፈሳሽ ነው። ቀለም አቀጥንበታለሁ፣ መርጫውን አጥብበታለሁ፣ ብረት ከመቀባቴ በፊት ቅባቱን አስለቅቅበታለሁ። በትልልቅ ፋብሪካዎች ደግሞ አሴቶኑን ራሱን ወደ ሌላ ነገር ለውጠው መስታወት የመሰለ ፕላስቲክ ይሠሩበታል ይሉ ነበር የግምጃ ቤቱ ሰውዬ። ሲያስረክቡኝ፣ “እንደ ሌሎቹ ክፉ መርዝ አይደለም፤ እሳት ብቻ አታሳየው” አሉኝ።

ሲጋራ የያዘ ሰው ወደ እኔ አይመጣም፤ ያልያዘውም አይመጣም። ምሳ ቤት ስገባ ሽታዬ ይቀድመኛል። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ ውሎ፣ ከማንም ጋር ሳልነጋገር የማመሽበት ቀን ብዙ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ኖፓ ከሚባለው ገጠር የመጡ እናት የቆርቆሮ ሳጥን አዝለው ክፍሌ በር ላይ ቆሙ። አማርኛቸው ከእኔ ኦሮምኛ ይሻላል። ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ከመሄዱ በፊት ክዳኑ ላይ ስሙን በነጭ ቀለም ጽፎ ነበር። ወሬው ሲጠፋ ባላቸው ስሙን ማየት አቃታቸው፤ እኛው ዘንድ አምጥተው፣ ከእኔ በፊት በነበረው ሠራተኛ አረንጓዴ አስረጩበት።

“ስሙ ከሥር አለ?” አሉኝ።

“ይኖራል እማማ። ግን አብሮ ሊለቅ ይችላል።”

“ሞክርልኝ።”

አረንጓዴው የእኛ ቀለም አሴቶን ሲነካው ወዲያው ይሟሟል፤ ልጁ የጻፈበት የዘይት ቀለም ግን ደርቆ ስለከረመ ጥቂት ይታገሣል። ጥጥ ነክሬ አበስ አደርግና ቶሎ በጨርቅ አደርቃለሁ። አሴቶኑ ሲተን ጣቶቼን በረዶ አደረጋቸው። በመጨረሻ የአንድ ፊደል እግር ብቅ አለ፤ ከዚያ ሌሎቹ። የመጨረሻው ፊደል ግማሹ ከጥጡ ጋር ሄደ።

“ትንሽ ተበላሸ” አልኩ ደንግጬ።

እሳቸው ፊደል አያውቁም። “አንብብልኝ” አሉ። አነበብኩላቸው። ደግመው አስነበቡኝ። ክዳኑን በመዳፋቸው እየዳበሱ “ኢልመ ኮ፣ ልጄ” አሉ።

“ባለቤትዎ አይቆጡም?”

“ይቆጣል። ከዚያ ቁጭ ብሎ ያየዋል።”

ሳጥኑን ሊያነሱ ሲሉ ዞር አሉና፣ “አንተስ፣ እናት አለችህ?” ብለው ጠየቁኝ።

“የለችም” አልኩ። መቱ ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ገበያ በመጡ ቁጥር፣ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ ከበሩ ውጭ ቆመው ያዋሩኛል። እኔ ወደ በደሌ እስክዛወር ድረስ ልጁ አልተመለሰም ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላውቅም።