ዝንጀሮ ጠብቂ የተባልሁ ቀን

የተራራ አብሳይነት ሥራዬን የጀመርሁት በነጠላ ጫማ ነው። ከመተማ ለሚወጣ ሰው ብርድ ማለት የጠዋት ንፋስ ይመስለዋል። የመኪናው በር ሲከፈት የእግሬ ጣቶች የእኔ መሆናቸው ቀረ። ዋና አብሳዩ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «ፉል ሠሪዋ ይቺ ናት? ቆላ የበቀለ ሰው እዚህ ሦስት ቀን አይቆምም» አለ። ቆምሁ። አሥራ አንድ ዓመት ቆምሁ። ስሙን አልጽፍም፤ ካነበበው ራሱን ያውቃል።

እንዴት እዚያ እንደደረስሁ ልናገር። መተማ፣ ድንበሩ አጠገብ፣ ትንሽ ፉል ቤት ነበረችኝ። በሱዳን በኩል በትልልቅ መኪና የሚገቡ ፈረንጆች የበረሃውን አቧራ እንደለበሱ እኔ ቤት ይቀመጡ ነበር። ባቄላውን በጠርሙስ ቂጥ አደቅቃለሁ፣ የሰሊጥ ዘይት አፈስበታለሁ፣ ሳህኑን ጠርገው ይበላሉ። ወደ ተራራው ፓርክ የሚወስዳቸው አስጎብኚ ዳኛቸው አንድ ቀን፣ «እትዬ ዝማም፣ ሰዎቹ ተራራው ላይም የእርስዎን ፉል እንፈልጋለን እያሉኝ ነው። አብሳይ አድርጌ ልውሰድዎት» አለኝ። ቤቲቱን ለጎረቤቴ ለቀቅሁላት። ጎረቤቴ የያዘችውን የምትመልስ ሴት አልነበረችም።

ካምፑ ስንደርስ «ረዳት» ሆንሁ። በጉዞ ሥራ ደረጃ አለ። ከላይ አስጎብኚው፣ ቀጥሎ ጠመንጃ የያዘው ስካውት፣ ቀጥሎ ዋና አብሳይ፣ ከዚያ ረዳት፣ ከዚያ በቅሎ ጫኞች። ረዳት ድንች ትልጣለች፣ ሳህን ታጥባለች። በቅሎ ጫኞቹ እንኳ እርስዎ ሲሉኝ፣ በዕድሜ የማይበልጠኝ ዋና አብሳይ «አንቺ በረሃ» ይለኝ ነበር።

ዳኛቸውን ጠየቅሁት። «ለዚህ አምስት ቀን ብቻ ነው፤ ከወደዱዎት እናያለን» አለ። ስለዚህ ወይ አብሳይ ሆኜ እቀራለሁ፣ ወይ ፉል ቤት የሌላት ፉል ሻጭ ሆኜ መተማ እገባለሁ።

ስካውቱ አያ ተገኘ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ባቄላዬን ሲያዩ ሳቁ። «እዚህ ውሃ ይፈላል እንጂ አይሞቅም። ደህና አድርገሽ ካልዘፈዘፍሽው ጥይት ነው የምታበይን» አሉኝ። ምክር በነጻ ሲገኝ አላሳልፍም። ከመተማ ያመጣሁትን የራሴን ባቄላ ክዳን ባለው ባልዲ ዘፈዘፍሁ። ለዋና አብሳዩ አልነገርሁትም። አልጠየቀኝም።

በማግስቱ ጠዋት ዋና አብሳዩ ወደ ገደሉ ጫፍ እየጠቆመ፣ «አንቺ፣ እዚያ ሂጂና ዝንጀሮ ጠብቂ» አለኝ። አያ ተገኘ አጠገባችን ጠመንጃቸውን ይወለውሉ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ይፍረድ። እንደ እኔ ሽንፋ፣ ማሽላ በሚዘራበት ቆላ፣ ተወልዶ ያደገ ሰው «ዝንጀሮ ጠብቅ» ሲባል ሌላ ትርጉም አያውቅም። ማማ ላይ ትወጣለህ፣ ወንጭፍህን ታዘጋጃለህ፣ ዝንጀሮ ወደ ማሽላው ሲመጣ ታባርራለህ። እኔ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ዝንጀሮ ጠብቄአለሁ። ማሽላ አለመኖሩን አይቻለሁ። ግን የወጥ ቤቱ ድንኳን አለ፣ በድንኳኑ ውስጥ ዳቦና ሙዝ አለ። ይበቃል አልሁ። ሻሼን አጥፌ ወንጭፍ አደረግሁት።

በገደሉ በኩል ብቅ አሉ። ብዛታቸው! የእኛ አገር ዝንጀሮ በእነዚህ ፊት ድሃ ነው። ወንዶቹ እንደ ሹም ካባ የደረቡ፣ ደረታቸው የቀላ። አንዱ ትልቅ ወንድ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን አሳየኝ። በሽንፋ ይህ ስድብ ነው። «ሆ! ሆ! ውረድ! ያባትህ ማሽላ አይደለም!» ብዬ ድንጋዩን ለቀቅሁት። አልመታሁትም፤ የሚመታ ድንጋይና የሚያስደነግጥ ድንጋይ ለይቼ አውቃለሁ።

መንጋው እንዳለ ወደ ገደሉ ወረደ። ሜዳው ባዶ ሆነ። ስድስቱ ፈረንጆች እንግዶቻችን ሣሩ ላይ በሆዳቸው ተኝተው ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። የስድስቱም ካሜራ ወደ እኔ ዞሯል።

ዳኛቸው እየሮጠ መጣ። «እትዬ ዝማም! ምን ማድረግዎ ነው?»

«መጠበቄ ነዋ።»

«ምኑን?»

«ዝንጀሮውን! ጠብቂ ተብዬ!»

«ሲመጡ ጠርተው ይንገሩን ማለት ነው እኮ! ሰዎቹ ባሕር ተሻግረው የመጡት ለእነሱ ነው። ጭላዳ ናቸው፣ ሣር ነው የሚበሉ!»

«ሣር? እንደ በግ?»

«እንደ በግ!»

«ታዲያ ይህን ማን ነገረኝ?»

ወደ ዋና አብሳዩ ዞረ። «እትዬ ዝማምን አንተ ነህ የላክሃቸው?»

«እኔ? እኔ ምንም አላልኋት። ራሷ ሄደች። በረሃ አይደለች!»

አያ ተገኘን አየኋቸው። እሳቸው ጠመንጃቸውን አዩ። የምሳ ሥጋ የሚቆርጥላቸው ዋና አብሳዩ ነበር።

«ነገ ጠዋት በቅሎ ይጫንልዎታል» አለኝ ዳኛቸው።

በማግስቱ ልብሴንና ባልዲዬን አስጭኜ ወደ መኪናው መንገድ ወረድሁ። በቅሎ ጫኙ ተሰናብቶኝ ሲመለስ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ወደ ታች የሚወርድ አይሱዙ መጠበቅ ጀመርሁ። የዚያን ዕለት ምሳ ፉል ነው ተብሎ ለእንግዶቹ ተነግሯቸዋል። ዋና አብሳዩ «እሷ የምታውቀውን እኔ አጣዋለሁ?» ብሎ ደረቅ ባቄላ ከጎህ ጀምሮ ጥዷል።

ከቀትር በኋላ ዳኛቸው እያለከለከ ደረሰ።

«እትዬ ዝማም፣ ባቄላው እምቢ አለ።»

«ምን ብሎ?»

«አልበስልም። አንዱ እንግዳ ጥርሱን ይዞ ተቀምጧል።»

«እግዜር ይማረው።»

«ይመለሱልኝ።»

«እኔ ዝንጀሮ አባራሪ ነኝ። ምን እሠራላችኋለሁ?»

ባልዲውን አየ። ክዳኑን ከፈተ። ባቄላው አብጦ፣ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ለእሳት ደርሷል። «ይህ ከየት መጣ?» አለ።

«ከመተማ። የራሴ ነው። ክደን።»

ከደነ። «ምን ላድርግልዎት?»

«የጉዞውን ወረቀት አውጣ። ከስሜ ጎን ረዳት የሚለውን ሰርዝ።»

ሰረዘ።

«አብሳይ በል።»

ጻፈ። ይህን ጊዜ አይሱዙው መጣ፤ ሾፌሩ ቆሞ ጥሩንባ ነፋ። ባልዲዬን አነሳሁ።

«ዋና የሚለውን ረሳኸው» አልሁት።

ዳኛቸው አይሱዙውን አየ፣ እኔን አየ፣ ጻፈ።

ካምፑ ስንመለስ ባቄላውን ጣድሁ፣ የድስቱን ክዳን ዙሪያውን በሊጥ አተምሁ፣ ድንጋይ ጫንሁበት። እንፋሎቱን ያላስወጣ ድስት በተራራም ያበስላል። ፀሐይ ስትጠልቅ እንግዶቹ በሉ፣ ጥርሱን የያዘውም ጭምር። አያ ተገኘ ሁለተኛውን ሳህን ሲጨርሱ፣ «አሁን ትዝ አለኝ» አሉ። «ዝንጀሮ ጠብቂ ሲላት እኔም ሰምቻለሁ።» የአያ ተገኘ ትዝታ በባዶ ሆድ አይሠራም። ይቅር ብያቸዋለሁ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም።

ዋና አብሳይ የነበረው ሰውዬ በቀጣዩ ቀን ድንች ላጠ። ልጣጩን ያወፍረዋል። «አንተ፣ አሳሳው» አልሁት። ጭላዶቹም ተመለሱ፤ ብቻ እኔን ሲያዩ ራቅ ብለው ይግጡ ነበር።

አሁን ገንዳ ውሃ ከተማ ነው የምኖረው። አብሳይነት የሚጀምሩ ሴቶች አንዳንዴ ምክር ይጠይቁኛል። የምላቸው ይህን ብቻ ነው። ሥራ ሲሰጧችሁ «እሺ» ከማለታችሁ በፊት «እንዴት አድርጌ?» በሉ። መልሱን ሌላ ሰው አብሮ ይስማው። የሚሰማው ሰው የጠገበ ይሁን።