ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረው ኮምፒውተር

ከጥምቀት በኋላ በነበረ አንድ ሐሙስ የሠራሁትን ስህተት ዛሬም ሳስበው ራሴን በጥፊ ማጮል ያምረኛል።

ያኔ ደባርቅ መናኸሪያው ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረችኝ። ኢንተርኔት ያለው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነው፤ ካሜራ ግን አለው። ረቡዕ መብራት ሄዶ ሐሙስ ጠዋት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ቀኑን ረስቶ ተነሣ። መብራት ሲጠፋ ቀን የምትይዝለት ትንሽዬ ባትሪ ሞታለች። እኔም ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር አየሁና ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመተ ምሕረቱን በእኛው አቆጣጠር ሞላሁለት። እንዲያውም ኮራሁ! «አገራችን እስካለህ ድረስ በእኛ ቁጠር» ብዬ ቀለድኩበት።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እትዬ ከዳባት በመጀመሪያው መኪና ደረሰች። እትዬ የምላት ዳባት ሳለን ጎረቤታችን የነበረች ሴት ናት። ቤተሰቦቿ ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ሁሉም ወደ እስራኤል ሲሄዱ እሷ ክርስቲያን አግብታ ስለነበር ቀረች። ከዚያ ወዲህ የእናቷን ድምፅ በስልክ ትሰማለች እንጂ ፊታቸውን አይታ አታውቅም። አሁን እናትየው ልባቸውን ታመው በዚያው ዕለት ኦፕራሲዮን ሊሆኑ ነው። ከመግባታቸው በፊት፣ በእኛ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ወንድሟ ሆስፒታል ሆኖ በካሜራ ሊያገናኛቸው ተቀጣጥረናል።

ነጭ ለብሳ፣ ሹሩባ ተሠርታ ነበር።

«ያረጀሁ እመስላለሁ?» አለችኝ ካሜራውን እያየች።

«ኧረ ሙሽራ መስለሻል» አልኳት።

በካሜራ የምንገናኝበትን ገጽ ልክፈት ብል እምቢ አለ። ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም የሚል ጽሑፍ መጣ። ደገምኩ፤ ያው ነው። ኔትወርኩን ረገምኩ፣ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ቀኑ ስክሪኑ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ እያየኝ አንዴም አልጠረጠርኩትም። ደንቆሮ!

ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ካሜራ የሌላት ተራ ሞባይሏ ጮኸች። ወንድሟ ስልኩን ለእናትየው ሰጣቸው። ቤቴ ጠባብ ስለሆነች የደከመ ድምፃቸውን እኔም ሰማሁት።

«ልጄ፣ ወዴት ነሽ? እኔ እኮ መስታወቱ ላይ አፍጥጬ እየጠበቅሁሽ ነው። ፊትሽን አሳዪኝ እንጂ።»

«አለሁ እማዬ፣ እዚሁ ነኝ» እያለች ስክሪኑን በመዳፏ ትዳብሰዋለች። ወዲያው ሊወስዷቸው መጡ፤ ስልኩም ተዘጋ።

እናትየው ከኦፕራሲዮኑ አልተነሡም።

የኮምፒውተር ባለሙያው በሳምንቱ ከጎንደር መጣ። ቀኑን ሲያይ ከት ብሎ ሳቀ። እንዲህ ያሉ ገጾች ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል ፈቃድ እንዳላቸው፣ የኮምፒውተሩ ቀን ከዚያ ውጪ ከሆነ እንደማይከፈቱ ነገረኝ። ባትሪዋን ቀየረ።

«ለማንም ክፍት የሆኑ የሰዓት ሰርቨሮች አሉ» አለኝ። «ኮምፒውተርህ በኢንተርኔት እነሱን እየጠየቀ ሰዓቱን ያስተካክላል። እንዲህ ከራቀ ግን አይቀበላቸውም፤ መጀመሪያ በእጅህ ልታቀርበው ይገባል።»

ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፈ፣ አንድ ነገር ተጫነ፣ ሰዓቱ ሰከንድ ሳይቀር ተስተካከለ። ገጹም ወዲያው ተከፈተ! የወንድምየው ጥሪዎች ተደርድረው አየኋቸው፤ ሁሉም የዚያ ሐሙስ ጠዋት ናቸው። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ባለሙያውም መሳቁን ተወ።

ኔትወርኩ ነው ብዬ ዝም ማለት እችል ነበር፤ አንጀቴ ግን እምቢ አለኝ። ዳባት ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር መሙላቴን ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። ምነው በሰደበችኝ!

«ስንት ዓመት ወደ ኋላ ነበር?» አለችኝ።

«ስምንት ዓመት ገደማ።»

በጣቶቿ ወደ ኋላ ቆጠረች።

«ያኔ እማዬ በእግሯ ገበያ ትሄድ ነበር» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።