ያልተደፋው ጣሳ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዳ ገበያ ሽምብራ ስሸምት፣ ሻጩ ከመስፈሩ በፊት ጣሳውን ደፍቶ ቂጡን መታ መታ አደረገና ባዶነቱን አሳየኝ። ሳቄ አመለጠኝ።

«ምነው አያ፣ ምን አሳቀዎት?» አለኝ። አያ! ገና ጎረምሳ መሆኔን የካደው እኮ ፀጉሬ ብቻ ነው።

ያሳቀችኝ ዘይነባ ናት። ስማርት ስልክ ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ጎንደር ውስጥ የክረምት የኮምፒውተር ሥልጠና አብረን ወስደናል። የዚያ ክረምት ዝናብ የግንቦቹን ድንጋይ እንደ ስኳር ሊያሟሟው ምንም አልቀረው። እኛ የተጠበሰ በቆሎ ከጠረጴዛ ሥር ደብቀን፣ ባለቀለም የትእዛዝ ጡቦችን በማውስ እየጎተትን እንገጣጥማለን። ፕሮግራማችን ቀላል ነበር፤ ቃልና ቁጥር ትሰጠዋለህ፣ ስክሪኑ ላይ ያለችው ድመት ቃሉን ያን ያህል ጊዜ ትደጋግማለች።

መጀመሪያ ሲከፈት ሸጋ ነው። ሁለተኛ ቃል ስንሰጣት ግን ድመቷ የቀድሞውንም ጨምራ ትለፈልፋለች። የሚደጋግመውን ጡብ ሺህ ጊዜ ፈታን፣ ሺህ ጊዜ ገጠምን፤ ወይ ፍንክች!

ለእኔ ጨዋታ ነበር፤ ለዘይነባ ግን አልነበረም። ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው እህል ነጋዴ አባቷ በመዝጊያው ቀን ሥራዋን አይተው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ትማር ወይስ መደብር ትቀመጥ የሚለውን ሊቆርጡ ነው።

ሐጂ ሳናስበው ቀደም ብለው ከተፍ አሉ። እኔ ደግሞ ልክ ያኔ ዘይነባን ላናድዳት ብዬ «አህያ» የሚል ቃል አስገብቼ ነበር።

«እስቲ ሰላም አስብያት» አሉ። ዘይነባ ጻፈች።

ድመቷም «አህያ አህያ አህያ ሰላም ሰላም ሰላም» አለቻቸው።

«ማንን ነው?» አሉ ሐጂ። እኔ የአይጥ ጉድጓድ ባገኝ ተመቻችቼ እገባ ነበር።

ዘይነባ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ ቃሎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ድንገት ጮኸች፤ «አባባ፣ ጣሳው አልተደፋም!»

ቃሎቹ የሚጠራቀሙበትን መያዣ ባዶ የሚያደርግ ጡብ ጎትታ፣ ከሚደጋግመው በላይ ሰካችው። እንደገና ሰላም ጻፈች። ድመቷም ሰላም ብቻ አለች።

ሐጂ ጺማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ይሄማ የኛው ሥራ ነው። በይ ሂጂ፣ ተማሪ።» ወደ እኔ ዞሩና፣ «አህያውም ይማር» አሉ።

ዘይነባ ዛሬ ስንቱን ፕሮግራም ትሠራለች። በበዓል ስትደውልልኝ ግን አሁንም «አህያው፣ ደህና ነህ?» ብላ ነው የምትጀምረው። የእኔን ጣሳ እስካሁን አልደፋችውም፤ እኔም ድፊው ብዬ አላውቅም።