ለአሚና ኃላፊው ማነው?

ዓባይ ማዶ ያለው ትንሹ የበጎ አድራጎት ቤታችን ከሱዳን የሸሹ ሰዎችን ያስጠልላል፤ የቤቱ አስተዳዳሪ እኔ ነኝ። ሰኞ ዕለት ጠበቃችን «ወረቀት የሌለው የውጭ ሰው የሚያስጠልል ድርጅት በሕግ ይጠየቃል፤ የአሚናን ነገር አስብበት» ብሎ አስፈራርቶኝ ሄደ። በማግስቱ ነጭ የለበሱ ሦስት አዛውንት ግቢያችን ገቡ።

«ልጄ፣ አሚና የምትባለው የሱዳን ልጅ እዚህ ናት?»

ወንበር ባቀርብላቸው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ውሃም አንነካም አሉ። ከሳሾች ናቸው፤ አለቀልኝ!

«ለልጅቱ ኃላፊው ማነው?» አሉ ትልቁ ሰውዬ።

በሌላ ሰው ላሳብብ ቃጣኝ። አሚና ግን ከማድ ቤቱ በር አጮልቃ ታየኛለች።

«እኔ ነኝ!» አልሁ ደረቴን ነፍቼ። «ያስገባኋትም፣ ያስጠለልኋትም እኔ ነኝ። የሚታሰር ካለ እኔ ልታሰር!»

ሦስቱም ሳቃቸው መጣ።

«አልሐምዱሊላህ! እንግዲያው አባቷ እርስዎ ነዎት» አሉ፤ ከልጅነት ወደ አንቱታ በአንዴ ወጣሁ። «ጀልባ ሠሪው ልጃችንና እርሷ ተዋደዋል። ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል።»

ለካ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ እሺታ ሳያገኝ እንደማይቀመጥ ፍርሃት አስረስቶኝ ኖሯል። አሚና ከማድ ቤት እልልታዋን አቀለጠችው።

እኔ እንኳን አማች፣ ሚስት የለኝ!