ወይዘሮ እናኑ ጥለውት የወጡት አልጋ

ወይዘሮ እናኑ በሰው ቤት አድረው መኝታቸውን ሳያነሱ የወጡበት ቀን የለም። ልጅ ሆነው አክስታቸው ቤት ሲያድሩም፣ አግብተው ለሠርግና ለተዝካር አገር ሲዞሩም፣ ከሁሉ ቀድመው ይነሱና ቁርበቱን ጠቅልለው፣ ጋቢውን አጥፈው፣ ሁሉንም ከግድግዳው ሥር ደርድረው ነው ለባለቤቷ "እንደምን አደርሽ" የሚሉት። መኝታውን እንደተነሳበት ጥሎ የሚወጣ እንግዳ በእሳቸው ዘንድ አሳዳጊ የበደለው ነው፤ ሀብታምም ቢሆን ሹምም ቢሆን ይቅርታ የለውም። አንድ ጊዜ ከደሴ የመጣ የወንድማቸው ልጅ እሳቸው ቤት አድሮ ብርድ ልብሱን እንዳመሰቃቀለ ሄደ። ልጁ ከዚያ ወዲያ ተመርቆ፣ ሥራ ይዞ፣ የልጆች አባት ሆኗል። ወይዘሮ እናኑ ግን ዛሬም ስሙ ሲነሳ "ያ ብርድ ልብስ ጥሎ የሄደው?" ነው የሚሉት።

እንግዲህ እኒህን ሴት ነው ልጃቸው ዓባይነህ መካነ ሰላም አምጥቶ ሆቴል ያሳደራቸው።

ያመጣቸው የዓይናቸው ነገር ነው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ቀስ በቀስ ጋርዶባቸው፣ ሰውን በድምፁ ላሟን በኮቴዋ እስከመለየት ደርሰው ነበር። ምራታቸው ክፉ ሴት አይደለችም፤ እንዲያውም ክፉ ብትሆን ይሻላቸው ነበር። "አንቱ ይረፉ" እያለች መጀመሪያ እሳቱን፣ ቀጥሎ እህል ማበጠሩን፣ በመጨረሻም ጥጥ መፍተሉን ሳይቀር ከእጃቸው ወሰደችው። የቀረቻቸው መኝታ ማንሳት ብቻ ነበረች። ለዚህ ዓይን አያስፈልግም፣ እጅ ይበቃል። ጠዋት ጠዋት የልጃቸውንም የልጅ ልጆቻቸውንም መኝታ እየዳበሱ ሲያጥፉ፣ ያ ቤት ዛሬም የእሳቸው ቤት እንደሆነ ይሰማቸዋል። ያችን ሥራ ቢነጥቋቸው ምን ይዘው እንደሚውሉ አያውቁም።

የዓይን ሐኪሞች መካነ ሰላም መጥተው ሞራ ሊገፍፉ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ፣ ዓባይነህ እርሻውን ለጎረቤት አደራ ብሎ እናቱን ይዞ ወረደ። ከተማዋ ከወረኢሉም ከደጎሎም በመጣ ሕመምተኛ ጢም ብላለች። ድሮ የሚያርፉባቸው ዘመዶቻቸው ደሴ ገብተዋል። ስለዚህ ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ ካለ አንድ ሆቴል ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ያዙ።

በመጀመሪያው ጠዋት ዓባይነህ ወረፋ ሊይዝ ሲወጣ፣ ወይዘሮ እናኑ ወገባቸውን ታጥቀው ተነሱ። ከሁለቱም አልጋ ላይ ብርድ ልብሱን፣ አንሶላውንና የአልጋ ልብሱን ገፈፉ። ሁሉንም አራት አራት አጥፈው አንደኛው ፍራሽ ላይ ከመሩት፣ ትራሶቹንም ከላይ ጫኑበት። መታጠቢያ ቤቱን ዳብሰው ፎጣዎቹን አገኙና እርጥቡንም ደረቁንም አንድ ላይ አጥፈው ከክምሩ ጨመሩ። መጥረጊያ ሲፈልጉ በሩ ተንኳኳ።

የመጣችው የሆቴሉ አልጋ አንጣፊ ሀጀራ ናት። ሀጀራ ሳዑዲ በሰው ቤት ብዙ ዓመት ሠርታ የተመለሰች፣ ድምፅዋ ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማ ሴት ናት። ገብታ ባዶ ፍራሾቹን ስታይ ደነገጠች።

"እማማ፣ ልትሄዱ ነው እንዴ?"

"ወዴት እሄዳለሁ? ገና ዛሬ አይደል ወረፋ የምንይዝ።"

"ታዲያ አልጋው ምነው ፈረሰ?"

"ፈረሰ? ተነሳ እንጂ!" አሉ ወይዘሮ እናኑ ቅር ብሏቸው። "ሥራሽን ነው ያቀለልሁልሽ ልጄ።"

ሀጀራ ክምሩን አየችው። የተተኛበት የትኛው፣ ያልተነካው የትኛው፣ አይለይም። የፎጣው ርጥበት ወደ አንሶላው፣ የአንሶላው ወደ ብርድ ልብሱ ወርዷል። ሳቋን ዋጥ አድርጋ "አላህ ይስጥልኝ እማማ" አለችና ክምሩን እንዳለ ተሸክማ ወደ ማጠቢያው ወረደች። ወይዘሮ እናኑ ያን ቀን ወረፋ ላይ ለተቀመጠው ሕመምተኛ ሁሉ፣ ልጅቷን እንዴት እንዳገዟት ሲያወሩ ዋሉ።

ማታ ሲመለሱ አልጋው ተነጥፏል። እንዴት እንደተነጠፈ በመዳፋቸው አጠኑት፤ አንሶላው የት እንደሚታጠፍ፣ የአልጋ ልብሱ እስከ የት እንደሚወርድ። በሆቴል አልጋ አይነሳም ለካ፣ ይነጠፋል። በማግስቱ ዓባይነህ ፊቱን ሊታጠብ ሲገባ እሳቸው ሁለቱንም አልጋ አነጠፉ። እጃቸው እስካወቀ ድረስ አሳምረውታል። ዓይን ላለው ሰው ግን የአልጋ ልብሱ በአንድ በኩል መሬት ይጠርጋል፣ በሌላው በኩል ፍራሹ ራቁቱን ቀርቷል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የዓባይነህ ሱሪ ጠፋ።

ቀዶ ጥገናው የዚያን ቀን ነበር። ልጁ በውስጥ ቁምጣው ክፍሉን ሲያስስ፣ እናቱ ነጠላቸውን ለብሰው በሩ ሥር ቆመው "ኧረ ፍጠን፣ ወረፋው ያልፈናል!" ይላሉ። ሱሪው በመጨረሻ ከብርድ ልብሱ ሥር፣ ጥሩ ሆኖ ተጣጥፎ ተገኘ። ዓባይነህ ለብሶ ሲወጣ ሀጀራን ኮሪደሩ ላይ አገኛትና እጇን ይዞ አስገባት።

"እስቲ አንች ንገሪልኝ" አላት። "እንግዳ ክፍሉን ማንሳት አለበት ወይ? ነርሷ ትናንት ምን እንዳለች እሷም ሰምታለች፤ ሞራው ከተገፈፈ በኋላ ጎንበስ ማለት የለም፣ ከባድ ማንሳት የለም። ነገ ጎንበስ ብላ አልጋ ስታነጥፍ የተሠራው ዓይን ቢበላሽስ? እኔ እናቴን አውቃታለሁ፤ እንደ ልማዷ በእንቅልፍ ልቧ ትነሳና ታነጥፋለች!"

"ነርሷ የከበደ አለች እንጂ አንሶላ መቼ አለች" አሉ ወይዘሮ እናኑ።

ሀጀራ የተንጋደደውን አልጋ አየችው፣ ቀጥላም ያነጠፉትን ወይዘሮ እናኑን።

"እውነቱን ልናገር እማማ፣ አንቱም እንዳይቀየሙኝ። እንግዳ አልጋ ሲያነጥፍልኝ ሥራዬ አይቀልም። አንሶላው ሰው የተኛበት ነውና ይታጠባል፤ አንቱ ያነጠፉትን እኔ አፍርሼ ነው እንደገና የማነጥፍ። ቆሻሻውን ቅርጫት ውስጥ ከጣሉልኝ፣ የረጠበውን ፎጣ ለብቻው ከሰቀሉልኝ፣ ለእኔ ይኸ ይበቃኛል።"

"የትናንቱንም አፈረስሽው?"

"እሱንማ እንዳለ አጠብሁት።"

"የዛሬውንስ?"

"አፈርሰዋለሁ እማማ።"

ወይዘሮ እናኑ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። የቀረቻቸው ያች አንዲት ሥራ፣ እሷም ከንቱ ሆና ተገኘች። አፈሩ፤ ከማፈራቸውም ይልቅ አዘኑ። ዓባይነህ ምነው ባልጠየቅሁ ብሎ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

ሀጀራ አጠገባቸው ተቀመጠችና ያን ትልቅ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችው። "ግን ደግሞ ይኸንንም ይስሙኝ። ሪያድ ያን ሁሉ ዘመን የሰው አልጋ ሳነጥፍ፣ አንድም ቀን ትራስ እንኳ ያቃናልኝ የለም። ትናንት ያን ክምር ሳይ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ተሸክሜው ስወርድ ግን እንባዬ መጣ። ወላሂ! ሰው ለእኔ ብሎ አንሶላ ሲያጥፍ የመጀመሪያዬ ነው።"

ወይዘሮ እናኑ ቀና አሉ። "እንግዲያማ ነገም ላጥፍልሽ!"

"ነገማ አይሆንም!" አሉ ሀጀራና ዓባይነህ እኩል።

"እንዲህ እናድርግ" አለች ሀጀራ። "ነገ እንደተነሱበት ጥለውት ይውጡ። እኔም አንቱ ሳይመለሱ እጄን አላስነካውም። ፋሻው ተፈቶ ሲመጡ፣ አንቱ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው እያዩ አነጥፍልዎታለሁ።"

"እያየሁ?"

"እያዩ።"

ወይዘሮ እናኑ ቃሏን በልባቸው ደጋገሟት። ወዲያው ግን አዎም እምቢም ሳይሉ ተነሱና ወደ ሐኪሞቹ ሄዱ።

ቀዶ ጥገናው የፈሩትን ያህል አልሆነባቸውም። ቅዱስ ሚካኤልን እየጠሩ ተኙ፤ ጸሎታቸውን ሳይጨርሱ "በቃ እናታችን" ተባሉ። ቀኝ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ ወጡ። ነርሷ ማስጠንቀቂያዋን ደገመችላቸው፤ ዓባይነህ ደግሞ እስከ ሆቴሉ ድረስ ሲደጋግመው መጣ።

ጠዋት እንደ ልማዳቸው ቀድመው ነቁ። ዓባይነህ ያንኮራፋል። ተነስተው እንደቆሙ እጃቸው ሳያዙት ወደ አንሶላው ሄደ። አንሶላው ግማሹ ወደ መሬት ተንሸራትቷል፤ ለማንሳት ጎንበስ ማለት ያሻል። ጫፉን ያዙት። ማንም አያይም። አንዴ ጎንበስ፣ አንዴ ቀና፣ አለቀ። ጥለውት ቢወጡ ደግሞ ከዚያ ብርድ ልብስ ጥሎ ከሄደው ልጅ በምን ይሻላሉ?

ጉልበታቸው መታጠፍ ሲጀምር ያች ቃል መጣችባቸው፦ እያዩ። ዓይናቸው ከተበላሸ ሀጀራ የምታነጥፈውን ማን ያየዋል? ደግሞስ ጥጡ፣ እሳቱ፣ የልጅ ልጆቻቸው ፊት? ለአንድ አንሶላ ብለው ያን ሁሉ ሊያጡ ነው? ቀና አሉ፤ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ከአንሶላው ላይ አላቀቁ።

"ዛሬ የማደላው ለዓይኔ ነው" አሉ ጮክ ብለው። ዓባይነህ ብትት ብሎ ነቃ።

ክፍሉን ጥለው ሲወጡ እርቃናቸውን የወጡ ያህል ተሰምቷቸው ነጠላቸውን ጠበቅ አደረጉ። ሀጀራ ደረጃው ላይ ነበረች።

"ጥዬው ነው የወጣሁ" አሏት፣ እንደ ኑዛዜ።

"እሰይ! አብሽሩ እማማ፣ ይጠብቅዎታል።"

ነርሷ ፋሻውን ቀስ አድርጋ ገፈፈችው። መጀመሪያ ብርሃን ብቻ ነበር። ከዚያ ብርሃኑ ውስጥ የነርሷ ጋውን፣ የጋውኑ ቁልፍ፣ ቁልፉን የያዘው ክር ታየ። ወይዘሮ እናኑ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ። ዓባይነህ ትንፋሹን ውጧል።

"አንተ!" አሉ። "ሸበትህ እንዴ?"

"ከሸበትሁማ ቆየሁ እማ" አለ።

"ማንን አስፈቅደህ?"

በአግዳሚው ላይ ፋሻቸውን ይዘው የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። ዓባይነህ ግን እናቱ ትከሻ ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሳቸውም ሽበቱን እየዳሰሱ፣ ነርሷ "እንባ ይቅርብዎት!" እስክትላቸው ድረስ አነቡ።

ሲመለሱ የባጃጁን ሹፌር "ቀስ ብለህ ንዳ" አሉት። የባሕር ዛፉን ቅጠል፣ የገበያተኛዋን ሻሽ፣ ውሃ ያቆረውን ጉድጓድ ሳይቀር ለዓባይነህ እያሳዩት መጡ፤ እሱ የማያይ ይመስል።

ሀጀራ ንጹሕ አንሶላ በክንዷ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። በዚያ ድምፅዋ ግዙፍ ሴት ጠብቀው ነበር። ቀጭን ናት፤ ከአገጯ ሥር ንቅሳት አላት። ጉንጯን ይዘው ደጋግመው ሳሟት። ወዲያው ክፍሉን ሲያዩ ደረታቸውን መቱ።

"በማርያም! ይኸን ነው ጥዬ የወጣሁ? ማን ሰው ይለኛል!"

"ይቀመጡ" አለች ሀጀራ፣ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ስባ።

ተቀመጡ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሌላ ሰው መኝታቸውን ሲያነሳ ተቀምጠው አይተው አያውቁም። መጀመሪያ ወንበሩ አልመቻቸውም። ሀጀራ ግን አንሶላውን በአየር ላይ ዘርግታ ስታወርደው ነጭነቱ ክፍሉን ሞላው፤ ወይዘሮ እናኑም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ማየት ብቻ ያዙ። አንሶላው ተወጠረ፣ ብርድ ልብሱ ተከተለ፣ ትራሱ ቦታውን ያዘ። ሀጀራ ጨርሳ ወገቧን ይዛ ቆመች።

"እህ፣ እማማ? እንዴት ነው?"

ወይዘሮ እናኑ ከራስጌ እስከ ግርጌ በዓይናቸው ሄዱበት።

"ሸጋ ነው" አሉ። ቀጥለው ግን ጣታቸውን ቀሰሩ። "ያች የግርጌዋ ጥግ ብቻ ትንሽ ተጨማዳለች።"

ሀጀራ አየች፤ ምንም አልታያትም። ቀረብ ብላ ተንበረከከች። አለች፤ ከክር የማትወፍር ሽብሽብ፣ ከአንሶላው እጥፋት ሥር።

"ያ ረቢ! እኔ እንኳ አላየኋት!" አለችና እልልታዋን አቀለጠችው። በዚያ ድምፅዋ የኮሪደሩ በሮች ሁሉ ተከፈቱ። አንድ ዓይናቸው በፋሻ የተሸፈነ እንግዶች "ምን ተገኘ?" እያሉ መጡ። ዓባይነህ "ሽብሽቧን አየቻት! ከዚያ ማዶ ሆና!" እያለ ለመጣው ሁሉ ያሳያል። ሽብሽቧን ለማየት ሰው ተጋፋ፤ ያየም ያላየም እልል አለ።

ወይዘሮ እናኑ ሽብሽቧን ሊያቀኑ ከወንበሩ ብድግ አሉ።

"ቁጭ!" አለች ሀጀራ።

ቁጭ አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው፣ የቀሰሩትን ጣት ሳያወርዱ "ወዳንች ሳብ አድርጊው... አሁንም ሳብ... እ-ህ፣ እንደሱ" እያሉ ያዝዙ ጀመር።