ጋሽ ተገኘ ከጠረጴዛው ሲነሱ

ጋሽ ተገኘ ሲያጨበጭቡ ለመዝሙር እንዳይመስላችሁ። ቬጋስ፣ ስትሪፑ የሚባለው የካዚኖ ጎዳና ላይ፣ አንድ ካዚኖ ውስጥ የብላክጃክ ቁማር ካርታ ያድላሉ፣ ዲለር ናቸው። ዲለር ከጠረጴዛ ሲነሳ አንዴ ያጨበጭብና መዳፉን ገልበጥ መለስ አድርጎ ጣሪያው ላይ ላለው ካሜራ ያሳያል። ምንም አልያዝኩም ማለት ነው። ጋሽ ተገኘ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያደርጉት ስለኖሩ ለቋቸው አያውቅም። ቤታቸው እራት በልተው ሲነሱ ያደርጉታል። ስፕሪንግ ቫሊ ሰፈር ከላውንደሪው ጎን ተከራይተን በምናመልክባት ቸርች፣ ጸሎት መርተው ሲጨርሱም ያደርጉታል። አንድ አዲስ የመጣ ሰው የአምልኮው ክፍል መስሎት አብሯቸው መዳፉን ሲገለብጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

የቸርች ሽማግሌም ናቸው። መጠመቅ የሚፈልገውን ሁሉ የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው፣ ጥያቄያቸውም አንድ ናት፦ «ጌታን ያገኘህበት ቀን መቼ ነው?» ቀኑን ያልተናገረ አያልፍም። የራሳቸውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ወጣት ማኅበር አባል ሆነው፣ ተደብቀው የሚጸልዩ ሰዎችን ሊያስይዙ አንድ ቤት ገቡ። ማክሰኞ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ገብተው እዚያው ተንበርክከው ቀሩ። መጨረሻ ላይ የታሰሩት እሳቸው ሆኑ። «ማክሰኞ» ሲሉ ድምፃቸው ይሰበርና ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ሰው መኮረጅ ልማዴ ስለሆነ፣ ያቺን ጉሮሮ መጥረግ እኔም አሳምሬ እችላታለሁ።

ሌላው የሚወዱት ታሪክ የፒዩሪታኖቹ ነው። የምስጋናው በዓል፣ ታንክስጊቪንግ፣ በመጣ ቁጥር ይሰብኩታል። «ወገኖቼ፣ ይቺ አገር በማን ተመሠረተች? በዲለር አይደለም። የእንግሊዝ ንጉሥ እኔ እንደምላችሁ አምልኩ ሲላቸው፣ እምቢ ብለው ባሕር ተሻግረው፣ ማሳቹሴትስ ጫካ ውስጥ ከቤታቸው ጋር ቸርች የሠሩ ሰዎች ናቸው። እንደኛው ማለት ናቸው።» ሰው አሜን ይላል። ግማሹ የካዚኖ ሺፍት እንዳይረፍድበት ሰዓቱን እያየ ነው አሜን የሚለው።

ፀሎት ልጃቸው ናት። እዚሁ ቬጋስ ተወልዳ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ትማራለች። ከልጅነቷ ጀምሮ የጌታ እራት ሲታደል፣ ስላልተጠመቀች ትሪው አልፏት ይሄዳል። ዘንድሮ ልጠመቅ አለች። ልጃቸው ስለሆነች ዝም ብለው ያሳልፏታል ያለ ሰው ጋሽ ተገኘን አያውቃቸውም።

እሁድ ከአገልግሎት በኋላ ፓስተር ያፌት ባሉበት ፊት ለፊታቸው አስቀመጧት። በሩ ክፍት ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

«ቀኑ መቼ ነው?»

«ቀን የለም» አለች። «ሁልጊዜ አምን ነበር።»

«ሁልጊዜ የሚባል ቀን የለም።»

«ዳዲ፣ ምን ልበልህ? አልጠጣሁ፣ አላጨስኩ። ሰንደይ ስኩል ውስጥ ነው ያደግኩት። ከየት ልመለስ?»

«እንግዲህ ቀኑ ሲመጣ ትመጫለሽ» አሉና ወንበራቸውን አጥፈው ግድግዳ አስደገፉት።

ፓርኪንግ ሎቱ ላይ አገኘኋትና፣ «ቀን ካጣሽ እኔ ልስጥሽ» አልኳት። ምስክርነት ቅርፁ ያው ነው። «ዓለም ላይ ነበርኩ» ብለሽ ዝም ትያለሽ። «የማላደርገው ነገር አልነበረም» ስትይ ሰው ከወንበሩ ወደፊት ይጠጋል። ከዚያ ፍሪዌይ ላይ መኪና መገልበጥ፣ ከዚያ አንድ ድምፅ። ሲጋራ ስለ መተዋ ሁሌ የምትመሰክረውን የእህት ስሜነሽን ሲጋራ ጨምሬ፣ በእህት ስሜነሽ ድምፅ ከነሳሉ ሠራሁላት። መኪናው ላይ ተደግፋ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ፣ «ዋሽቼ ውሃ ልግባ?» አለችኝ።

የምናጠምቀው ከቦልደር ሲቲ ወዲያ ያለው ሐይቅ ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በጋሽ ተገኘ መኪና ሄድን፣ ፀሎት ከፊት፣ እኔ ከኋላ ከፎጣው ጋር። ቦልደር ሲቲ ስንገባ የሁልጊዜውን አሉ።

«ይኸው፣ ከተማ ማለት። ቁማር ክልክል ነው። ፒዩሪታኖቹ ዛሬ ቢኖሩ እዚህ ነበር ቤት የሚገዙት።»

«ፒዩሪታኖቹ ቢኖሩ መጀመሪያ የሚያባርሩት አንተን ነው» አለች ፀሎት። «ካርታ ክልክል፣ ዳይስ ክልክል። ክሪስማስ ራሱ ያስቀጣል። ያልተስማማቸውን ፓስተር እኮ በበረዶ፣ በስኖው አባረውታል።»

«እኔ አልጫወትም። አድላለሁ።»

«እሺ፣ እንደዚያ ብለህ ታስረዳቸዋለህ።»

ሳቄ እንዳይሰማ ፎጣውን አፌ ላይ ያዝኩ።

«ግን ሪሊ እንደነሱ ነህ» አለች። «እነሱ ቸርች ውስጥም ሙሉ አባል ለመሆን ሰው ፊት ቆመህ ጌታ እንዴት እንደለወጠህ ትናገራለህ። ባሕር የተሻገሩት ታሪክ አላቸው። ልጆቻቸውስ? እዚያው ተወለዱ፣ ምንም አልሆኑም። የሚናገሩት ስላጡ ሙሉ አባል ሳይሆኑ ቀሩ። እነሱም ልጅ ሲወልዱ፣ አሁን ይሄ ልጅ ይጠመቅ ወይስ አይጠመቅ ተባለ።»

«እና?»

«ሃፍዌይ፣ ግማሽ መንገድ፣ አደረጉት። ልጁ ይጠመቅ፣ ወላጆቹ ግን የጌታ እራት አይውሰዱ።»

«ግማሽ ቸርች የለም» አሉና ፍጥነት ቀነሱ። የቦልደር ሲቲ ፖሊስ አይምርም ይላሉ።

ሐይቁ ጋ ጋሽ ተገኘ ሱሪያቸውን ጠቅልለው እስከ ጉልበታቸው ገቡ። ፓስተር ያፌት ከሳቸው አለፍ ብለው እስከ ወገባቸው። ነጭ የለበሱት ተሰልፈው፣ አንድ በአንድ ጋሽ ተገኘ ጋ ሲደርሱ ቀናቸውን እየተናገሩ ወደ ፓስተሩ ያልፋሉ። ፍራኦል የሚባለው የመጨረሻው ልጅ «ሰኞ» ካለ በኋላ ፈርቶ «ሰኞ ወይ ማክሰኞ» አለ። እሱም አለፈ።

ከዚያ ፀሎት ጫማዋን አውልቃ ከነጂንሷ ገባች። ዳር ሆነን የምንዘምረው መዝሙር ቆመ።

«ፀሎት፣ ተነጋግረናል እኮ» አሉ ቀስ ብለው።

«ጠይቀኝ።»

ጠየቋት። «ቀኑ መቼ ነው?»

«ጠዋት ጠዋት ከሺፍት ስትመጣ፣ ዩኒፎርምህን ሳታወልቅ አልጋዬ ጋ ትንበረከካለህ። የተኛሁ ይመስልሃል። አልተኛሁም፣ አብሬህ ነው የምጸልየው። ከነዛ ጠዋቶች አንዱን አንተ ምረጥ፣ እሱን እላለሁ።»

ጋሽ ተገኘ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይሄኛው የማክሰኞው ዓይነት አይደለም፣ እስካሁን ሞክሬ አልመጣልኝም።

አልፈሻል አላሏትም። ተመለሺም አላሏትም። አንዴ አጨበጨቡ፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ታች ገልብጠው ለሰማዩ አሳዩ፣ ከመንገዷም ወደ ጎን ወጡ። ፓስተር ያፌት እሳቸውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ከዚያ እጃቸውን ዘረጉላት።

ስንመለስ ሱሪያቸው እንደራሰ ነው የነዱት። ፀሎት ፎጣ ተጠቅልላ ከፊት ተቀምጣለች።

«እኔ አላሳለፍኩሽም» አሉ። «ከጠረጴዛው ነው የተነሳሁት።»

«አውቃለሁ ዳዲ።»

«ፓስተርንም ሌላ ጠያቂ ይፈልጉ እላቸዋለሁ።»

ቦልደር ሲቲን አለፍን። ስለ ከተማዋ ምንም አላሉም።

«እነዛ ሰዎች» አሉ በኋላ፣ «ሃፍዌይ ካደረጉት በኋላ ምን ሆኑ?»

«ተጣሉ። ለሁለት የተከፈለ ቸርች አለ።»

«ብዬ ነበር።»

ትንሽ እንደነዱ፣ «ልጆቹስ?» አሉ።

«ልጆቹ ግን ቸርች መጡ።»

ጋሽ ተገኘ ፍሬቻ አበሩና ወደ ፍሪዌዩ ገቡ።