ዋስ ያጣችው በሽተኛ

ይህ የደረሰው በጣሊያን ጊዜ፣ እኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ ሳለሁ፣ መተማ ውስጥ ነው። ለልጆቼ እንኳ ነግሬያቸው አላውቅም። ስሟን ያልጠየቅኋት አንዲት ሴት ግን እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልወጣችም።

የጣሊያኑ ሐኪም ቤት ለወታደሩ ብቻ ነበር። ስለዚህ የከተማው ነጋዴና ገበሬ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ማኅበር አቁሞ ስምንት አልጋ ያለው የበሽተኛ ቤት ከፍቶ ነበር። የቀድሞው ኃላፊ ስላረጁ፣ ማኅበሩ ሱዳን፣ ገዳሪፍ በሕክምና ሥራ ያገለገሉትን አቶ ፈንታሁንን ሾመ።

አቶ ፈንታሁን በተሾሙበት ዕለት አባላቱ ፊት ቆመው፣ "ከእንግዲህ ዋስ የሌለው በሽተኛ አይተኛም" አሉ።

ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ዑስማን፣ "ደግ አደረጉ! አምና የሰጠሁት ብርድ ልብስ ከበሽተኛው ጋር ድኖ ሄዷል" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አቶ ፈንታሁን ግን አልሳቁም።

አባቴ ፊደል አስቆጥሮኝ ስለነበር፣ በር ላይ ተቀምጬ የበሽተኛውንና የዋሱን ስም እንድጽፍ ተደረገ። በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰዎች ይለማመጡኝ ጀመር። ደስ ይለኝ ነበር።

በሰሊጥ አጨዳ ወቅት አንድ ቀን፣ ከደጋ ለሥራ የወረደች ሴት መጣች። ንዳድ ይዟት፣ በዚያ ሙቀት ነጠላዋን ተከናንባ ትንቀጠቀጣለች።

"ዋስሽ ማን ነው?" አልኳት።

"ማንን አውቄ? ከመጣሁ ወርም አልሞላኝ።"

"እንግዲያ አይሆንም።"

"አንች ሁኝልኛ፣ እኅቴ። ይኸው ተዋወቅን።"

ፈገግ ብላ ነበር ያለችው። እኔ ግን ብርድ ልብሱ ቢጠፋ አባቴ ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁ። "እኔ ልጅ ነኝ። ሂጂ፣ ትልቅ ሰው ፈልጊ" አልኳት። ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣችና ወደ ገበያው አቀናች።

ያመሰግኑኛል ብዬ ለአቶ ፈንታሁን ነገርኳቸው። ብዕራቸውን አስቀመጡ።

"ዋስ ያልኩት ለብርድ ልብስ መሰለሽ? አምና እዚህ የሞቱት ሰዎች መርዶ የሚነገረው ዘመድ ጠፍቶ ነው። በሽተኞቹን የሚጠይቃቸው ሰው ይኑር ብዬ ነው። ያንችን ስም ብትጽፊ ምን ነበረበት?"

ወዲያው ወጥተን ገበያውን፣ ጉምሩኩን፣ እስከ ድንበር ያለውን መንገድ ፈለግናት። በነጋታውም ፈለግናት። አየኋት የሚል አልተገኘም።

አቶ ፈንታሁን ደግመው አልወቀሱኝም። ደንቡን ግን አስተካከሉት፤ ዋስ ላጣ በሽተኛ መዝጋቢዋ ዋስ ትሁን አሉ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሰው ዋስ ሆኛለሁ። ሁለት ብርድ ልብስ ጠፍቶብኛል። ማንም አልጠየቀኝም።

ባለፈው ዓመት ዓይኔን ልታከም ጎንደር ሄጄ ነበር። ካርድ የምታወጣው ልጅ፣ "እማማ፣ ተጠሪዎ ማን ነው?" አለችኝ። ለመመለስ ቆየሁባት።

"ሰው የለዎትም እንዴ? እኔን ልጻፍልዎት?" አለችኝ።

ልጆች አሉኝ አልኳት። እሷ ሳታስበው ያለችውን ቃል ያን ቀን እኔ ብየው ቢሆን እያልኩ እቆጫለሁ።